ከባድ የዓይን ድርቀት፦ ሕመሙን እያስታገሡ ምክንያቱን መፈለግ

ሐኪም ዓይንን አይቶ «ድርቀት ነው» ካለ በኋላ ሰው ሠራሽ እንባ አዝዞ ሲያሰናብት ጉዳዩ የተቋጨ ይመስላል። ስክሪን ላይ በማፍጠጥ ወይም በነፋስ ምክንያት ለሚመጣ ቀላል ድርቀት ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጠዋት ዓይኑን መግለጥ ለሚያስጨንቀው፣ ብርሃን ለሚወጋው፣ ማንበብና መኪና መንዳት ለከበደው ሰው ግን ድርቀት የምርመራው መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። ከበስተ ኋላው የዓይን ቆብ ዕጢዎች መደፈን፣ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት መዛባት፣ በየዕለቱ የሚዋጥ መድኃኒት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የማይገጥም ቆብ ወይም የነርቭ ጉዳት ሊኖር ይችላል፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ሕክምና ይሻሉ። ስለዚህ ማስታገሡና ፍለጋው ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። ከአንዱ የጠብታ ዓይነት ወደ ሌላው መዝለል ብዙ ሰው ለዓመታት የሚያደርገው ነገር ቢሆንም ፍለጋ ሊባል አይችልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውን ምልክቶች ማወቅ ያስፈልጋል። ዕይታ በድንገት ከቀነሰ፣ ሕመሙ ከወትሮው እጅግ ከበረታ፣ አንድ ዓይን ብቻ ክፉኛ ከቀላ፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ እዥ መውጣት ከጀመረ፣ ወይም ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑን ካመመው፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የደረቀ ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን፣ በቀላሉ ይቆስላል፤ የቆሰለውም በቀላሉ በጀርም ይጠቃል፤ ጠባሳው በዕይታ መስመር ላይ ካረፈ ደግሞ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

እንባ የሚጎድልባቸው መንገዶች

ዓይንን የሚሸፍነው እንባ እጅግ ስስ ቢሆንም ሦስት ነገሮች ተባብረው የሚሠሩት ነው። ከታች በኩል ውኃው ከኮርኒያ ጋር እንዲጣበቅ የሚያደርግ ንፍጥ መሰል ንጥረ ነገር አለ፤ ከእሱ ጋር የተዋሐደው ውኃማ ክፍል በአብዛኛው ከዓይን በላይ በውጭ በኩል ካለው የእንባ ዕጢ ይመነጫል፤ ከላይ ደግሞ ውኃው ቶሎ እንዳይተን የሚከላከል ስስ የቅባት ሽፋን አለ። ይህን ቅባት የሚያመርቱት በላይኛውና በታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ሲሆኑ፣ በ1666 በዝርዝር በገለጻቸው በጀርመናዊው ሐኪም በሃይንሪሽ ማይቦም ስም የማይቦም ዕጢዎች ይባላሉ።

ድርቀት እንግዲህ በሁለት ዋና መንገዶች ይመጣል፤ ወይ ውኃው በበቂ መጠን አይመነጭም፣ ወይ የመነጨው ቅባቱ ስለጎደለ ቶሎ ይተናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ የተለመደ ነው፤ በከባድ ሕመምተኞች ላይ ግን ሁለቱ ተደርበው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የትኛውም ቢጀምር ውጤቱ የእንባ ጨዋማነት መጨመር ነው፤ ጨዋማነቱ የዓይንን ገጽ ያስቆጣል፣ ቁጣው እንባ የሚያረጉትን ሕዋሳት ይጎዳል፣ የእነሱ መጎዳት ድርቀቱን ያብሳል። ከባድ ድርቀት መነሻው ከተወገደ በኋላም ቶሎ የማይለቀው በዚህ አዙሪት ነው።

እንባው በጉንጩ ላይ እየወረደ «ዓይንህ ደርቋል» የተባለ ሰው ሐኪሙን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሆኖም የተቆጣ ኮርኒያ የድረሱልኝ መልእክት ሲልክ የእንባ ዕጢው ድንገት ብዙ ውኃ ይለቃል፤ ይህ ውኃ የተረጋጋ ሽፋን ስለማይሠራ ፈስሶ ያልቃል፣ ዓይኑም ተመልሶ ይደርቃል።

ወደ ሐኪም ከመሄድ በፊት የሚሠራ ሥራ

ምክንያቱን ለማግኘት ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ሕመሙ የሚብስበትን ሰዓት፣ የሚያባብሰውንና የሚያሻሽለውን፣ የትኛው ዓይን እንደሚብስ መመዝገብ ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያገኘው የማይችለውን መረጃ ይሰጠዋል። ቀኑ በገፋ ቁጥር፣ በተለይም ካነበቡ ወይም ስክሪን ላይ ከቆዩ በኋላ የሚብስ ድርቀት ወደ እንባ ማነስ ወይም ወደ ፈጣን ትነት ያመለክታል። ጠዋት ገና ከእንቅልፍ ሲነቁ የሚብሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ የቆብ ጠርዝ ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቆቡ ሌሊት ሳይገጥም ያድራል። ማሳከኩ ከማቃጠሉ የሚበልጥ ከሆነ አለርጂ መጠርጠር አለበት፤ አለርጂና ድርቀት አብረው መኖራቸውም የተለመደ ነው። በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይ ከባድ ድርቀት የዚያን ወገን ቆብ፣ የፊት ነርቭ ወይም የኮርኒያ ስሜት በተለይ መመርመርን ይጠይቃል።

የሌሊቱን መግጠም አለመግጠም በቤት ውስጥ መገመት ይቻላል። አብሮ የሚኖር ሰው፣ ሕመምተኛው እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ፣ ብርሃኑን በቀጥታ ፊቱ ላይ ሳያበራ በደካማ የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል ቢመለከት፣ በሁለቱ ቆቦች መካከል ነጭ መስመር ይታይ እንደሆነ ይለያል። ክፍተቱ ጠባብ ስለሚሆን አንዳንዴ በሽፋሽፍቱ ተሸፍኖ ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ አለመታየቱ ብቻውን ጥርጣሬውን አይሽረውም። ከዚህ ጋር ከባድ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ ካለ ሊነገር ይገባል፤ የትንፋሽ መቆራረጥ ከላላና በትራስ ከሚገለበጥ የላይኛው ቆብ ጋር ተያይዞ ይታያል፤ ለሕክምናው የሚደረገው ጭንብልም አየር ካፈተለከበት ዓይንን ያደርቃል።

ቀጥሎ ከዓይን ውጭ ያለውን ሰውነት መቃኘት ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ክፍል ይህ ነው። አፍ ይደርቃል ወይ? ደረቅ ምግብ ያለ ውኃ አልዋጥ ይላል? ጥርስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተበላሽቷል? መገጣጠሚያ ጠዋት ጠዋት ይያዛል? ከጆሮ ፊት ለፊት ያለው የምራቅ ዕጢ አብጦ ያውቃል? ድካሙ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ነው? ለእነዚህ አዎ የሚል መልስ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃባቸውን ሕመሞች፣ ማለትም የሾግረን ሕመምን፣ የሩማቶይድ አርትራይተስን ወይም የሉፐስን ጥያቄ ያስነሣል። ጉንጭና አፍንጫ ላይ ተደጋጋሚ መቅላት ካለ ሮዛሺያ የሚባለው የቆዳ ሕመም የማይቦም ዕጢዎችን ሊደፍን ይችላል። በሽፋሽፍት ሥር ፎሮፎር መሰል ቅርፊት ሲታይ የቆብ ጠርዝ ብግነት ይጠረጠራል፤ ቅርፊቱ ሽፋሽፍቱን ዙሪያውን እንደ ቀለበት የያዘ ከሆነ ዴሞዴክስ የተባለች በዓይን የማትታይ ተባይ መኖሯን ይጠቁማል። በጨለማ ማየት መቸገር፣ ማለትም ዳፍንት፣ ከድርቀቱ ጋር ከመጣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በምግብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የጨጓራ ወይም የአንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረጉና በጉበት ሕመም ምክንያት ቅባት በደንብ በማይዋሐዳቸው ሰዎች ላይም ይከሰታል። ያለ ምርመራ የቫይታሚን ኤ ክኒን ማብዛት ግን ጉበትን ይጎዳል፤ በእርግዝና ጊዜም ለፅንሱ አደገኛ ነው። በልጅነት የተያዘ ትራኮማ ያስቀረው የቆብ ጠባሳ፣ የዕይታ ማስተካከያ የሌዘር ቀዶ ሕክምና፣ የፊት ሽባነት፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ በዓይን ላይ ወጥቶ የነበረ ሄርፐስ፣ የወር አበባ ማረጥ፣ እነዚህም በደብተሩ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል።

የመድኃኒት ዝርዝር ለብቻው መዘጋጀት አለበት፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ሁሉ ጭምር። የአለርጂና የጉንፋን ክኒኖች፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች፣ ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን፣ ሽንት የሚያሸኑና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ድርቀትን ሊያመጡ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ። የዓይን ጠብታም ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ የግላኮማ ጠብታዎችና በርካታ ሰው ሠራሽ እንባዎች ውስጥ እንዳይበላሹ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በተደጋጋሚ ሲነካው የዓይንን ገጽ ይጎዳል። ይህ ማለት ግን ማንኛውንም መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ማለት አይደለም፤ ግላኮማን ያለ ሕክምና መተው ዕይታን ያጠፋል። ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ፣ ለዓይን የሚቀል አማራጭ አለ ወይ የሚለው ነው።

ምርመራው እንዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚጠየቅ

በቀጠሮው ዕለት ጠብታና ቅባት ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ሳይደረግ መሄድ ይመረጣል፤ አለዚያ ሐኪሙ የሚለካው መድኃኒቱን ነው። ጥሩ ምርመራ የሚጀምረው ከቆብ ነው። ሐኪሙ የቆቡን ጠርዝ በጣቱ ወይም በመሣሪያ ሲጫን ከጤናማ ዕጢ የጠራ ዘይት ይወጣል፤ ከታመመ ዕጢ ግን እንደ ጥርስ ሳሙና የጠጠረ ነጭ ነገር ይጨመቃል ወይም ጭራሽ ምንም አይወጣም። «ዕጢዎቼን ተጭነው አይተዋል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከዚያ ፍሎረሲን የተባለ ቢጫ ቀለም በዓይን ላይ ተደርጎ በሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ሕመምተኛው አንዴ ዓይኑን አርገብግቦ ሳይጨፍን ሲቆይ የእንባው ሽፋን እስኪሰበር ያለው ጊዜ ይቆጠራል፤ ከ10 ሰከንድ በታች መሆኑ ሽፋኑ እንዳልተረጋጋ፣ ከ5 ሰከንድ በታች መሆኑ ደግሞ በጣም ደካማ እንደሆነ ይጠቁማል። ቀለሙ የያዘባቸው ነጥቦች የተጎዱ ሕዋሳት ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ቦታቸውም ይናገራል። በኮርኒያው ታችኛው ክፍል ብቻ በአግድም የተሰለፉ ነጥቦች ዓይኑ ሙሉ በሙሉ እንደማይከደን ሊያመለክቱ ይችላሉ።

የውኃውን መጠን ለመለካት ጀርመናዊው ኦቶ ሺርመር በ1903 ያስተዋወቀው ምርመራ ዛሬም ይሠራል። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የወረቀት ቁራጭ ጫፉ ታጥፎ በታችኛው ቆብ ውስጥ በውጭ በኩል ይሰካና ለ5 ደቂቃ ይተዋል፤ እንባው ወረቀቱን እያረሰ የወረደበት ርዝመት ይነበባል። ያለ ማደንዘዣ ሲለካ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች መሆኑ የእንባ ማነስን በብርቱ ያስጠረጥራል። ወረቀቱ ስለሚቆረቁር ውጤቱ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ልኬት ብቻ መተማመን አያዋጣም። ቁጥሮቹን ሁሉ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፤ ከስድስት ወር በኋላ «ተሽሎኛል» ወይም «ብሶብኛል» ለማለት ከስሜት ሌላ ማስረጃ ይሆናል።

ልኬቶቹ የእንባ ማነስን ካሳዩ የደም ምርመራ ይከተላል። የሾግረን ሕመም፣ በ1933 በሰፊው ባጠናው ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም በሄንሪክ ሾግረን ስም የተጠራው፣ የሰውነት መከላከያ የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን የሚያጠቃበት ሕመም ሲሆን ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እጅግ አብዝቶ ይይዛል። ዋናው የደም ምርመራ ፀረ ኤስኤስኤ ወይም ፀረ ሮ የሚባለው አንቲቦዲ ነው። ብዙዎች ፍለጋቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ የደም ውጤቱ ነጻ ሲሆን በሽታው የለም ብለው ይደመድማሉ። አንቲቦዲው ሳይገኝባቸው ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ከታችኛው ከንፈር የውስጥ ክፍል ጥቂት ጥቃቅን የምራቅ ዕጢዎች ተወስደው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በ2016 በወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ፀረ ኤስኤስኤና የከንፈር ናሙና እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ፣ የሺርመር ውጤት፣ የዓይን ቀለም ምርመራና የምራቅ መጠን እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ይይዛሉ፤ ለመመደብ 4 ነጥብ ያስፈልጋል። መመዘኛው በዋናነት ለጥናት የተዘጋጀ ስለሆነ የመጨረሻው ፍርድ የሐኪሙ ነው። ይህን ሁሉ መመርመር የሚያዋጣበት ምክንያት አለ፤ ሕመሙ ሳንባን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ሊነካ ይችላል፣ የሊምፎማ ካንሰር ዕድልንም ስለሚጨምር በመገጣጠሚያና በበሽታ መከላከያ ሕመሞች ስፔሻሊስት ክትትል ይሻል። እንደየሁኔታው የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የሄፓታይተስ ሲ፣ የኤች አይ ቪና የሳርኮይዶሲስ ምርመራም ይታዘዛል።

አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ልኬት ደህና ሆኖ ሕመሙ የማያስተኛ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው «ዓይንህ ምንም የለውም» ተብሎ ሲመለስ ሕመሙን እንደፈጠረው ይሰማዋል። የኮርኒያ ነርቮች ራሳቸው ተጎድተው የሐሰት የሕመም መልእክት ሊልኩ ይችላሉ፤ የነርቭ ሕመም ነው። ሐኪሙ ማደንዘዣ ጠብታ ሲያደርግ ሕመሙ ካልጠፋ መነሻው ከዓይን ገጽ ባለፈ ነርቭ ውስጥ መሆኑን ያስጠረጥራል፤ ሕክምናውም ከተራ ድርቀት ይለያል። የማደንዘዣው ጠብታ ግን በምንም ምክንያት ወደ ቤት መወሰድ የለበትም፤ በተደጋጋሚ ከተደረገ ኮርኒያን ያቀልጣል። ተቃራኒው፣ ብዙ ጉዳት እየታየ ሕመም አለመሰማቱ፣ የኮርኒያ ስሜት መሞቱን ስለሚያሳይ የበለጠ ያስፈራል።

ፍለጋው እስኪያልቅ ዓይንን መንከባከብ

ሰው ሠራሽ እንባ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን መምረጥ አለበት። ለአንድ ጊዜ የሚሆነው ትንሽ ፕላስቲክ ከተከፈተ በኋላ በላዩ ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ አይቀመጥም። መቅላትን ወዲያው የሚያጠፉ ጠብታዎች የደም ሥሮችን ስለሚያጠብቡ ሲያቆሟቸው መቅላቱ ብሶ ይመለሳል፤ ለደረቀ ዓይን አይሆኑም።

አደራረጉም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይዘነብላል፤ የታችኛው ቆብ በጣት ወደ ታች ሲሳብ ትንሽ ከረጢት ይሠራል፤ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍትም ሆነ ዓይን ሳይነካ አንድ ጠብታ እዚያ ይጣላል። ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ ስለማይይዝ ሁለተኛው ወደ ጉንጭ ይፈስሳል። ከዚያ ዓይንን ሳይጨቁኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ከድኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በቀስታ መጫን መድኃኒቱ በእንባ ቦይ እንዳያመልጥ ያደርጋል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ያለው ሰው በመካከላቸው 5 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ወፍራሙ ጄል ከጠብታው በኋላ፣ ቅባቱ ከሁሉ በኋላ ይሁን።

የማይቦም ዕጢዎች ለተደፈኑበት ሰው ዋናው ሥራ ሙቀት ነው። የጠጠረው ቅባት እንዲቀልጥ ቆቡ ላይ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ የሆነ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ ደጋግሞ ማሞቅ ወይም ለዚሁ የተሠራ የሚሞቅ ጭንብል መጠቀም ያስፈልጋል። ሙቀቱ በእጅ አንጓ ውስጣዊ ቆዳ ላይ ሳይፈተን ዓይን ላይ አይደረግም። ወዲያው የላይኛው ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በለስላሳ ጣት ይታሻል፤ የዓይን ኳስን መጫን አያስፈልግም። ቀጥሎ የሽፋሽፍቱ ሥር ይጠረጋል። ውጤቱ የሚታየው ለሳምንታት ሳያቋርጡ ሲሠሩ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሊጠቅመው ሲል ይተወዋል።

ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይህ በብዙ ይቀንሳል፤ ያረገበገበውም ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ስክሪኑን ከዓይን ትይዩ ዝቅ ማድረግ የሚጋለጠውን የዓይን ገጽ ያጠብባል፤ በየ20 ደቂቃው ቆም ብሎ ዓይንን ቀስ አድርጎ ሙሉ በሙሉ መክደንም ይረዳል። የቬንቲሌተርና የአየር ማቀዝቀዣ ነፋስ ፊት ላይ እንዳይመጣ ማድረግ፣ ውጭ ዙሪያውን የሚገጥም መነጽር ማድረግ፣ ሌሊት ከመተኛት በፊት ቅባት መቀባት፣ ሲጋራና ጭስን መራቅ በየፊናቸው ጥቂት ጥቂት ይጨምራሉ። ስለ ኦሜጋ 3 ክኒን ብዙ ይባላል፤ በ2018 የታተመው ትልቅ ጥናት ግን በቀን 3 ግራም የወሰዱት የወይራ ዘይት ከወሰዱት የተሻለ ለውጥ እንዳላገኙ አሳይቷል፤ ገንዘቡ ጥሩ ጠብታ ላይ ቢውል ይሻላል።

ጠብታ ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር

ቁጣውን ለማብረድ ሐኪም ሳይክሎስፖሪን ወይም ሊፊተግራስት የተባሉ ጠብታዎችን ሊያዝ ይችላል። ሳይክሎስፖሪን መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፤ ጥቅሙም እስኪታይ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ጠርሙሱን ይጥላል። የስቴሮይድ ጠብታ በቀናት ውስጥ ስለሚያሻሽል ያጓጓል፤ ያለ ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽም ያመጣል፤ በድሮ ማዘዣ መልሶ መግዛት አይገባም። ለተደፈኑ ዕጢዎችና ለሮዛሺያ ዶክሲሳይክሊን በአነስተኛ መጠን ለሳምንታት ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሆንም።

እንባ የሚወርድበትን ቀዳዳ በጥቃቅን መድፈኛ መዝጋት ያለው እንባ ዓይን ላይ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ብግነቱ ሳይበርድ ከተዘጋ ግን የሚቆየው የሚያስቆጣው እንባ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ለበረታው ድርቀት ከሕመምተኛው ደም ተለይቶ በሚወጣው ሴረም የሚሠራ ጠብታ አለ፤ ማቆያ ስለሌለው በቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። ኮርኒያውን ሳይነካ ነጩ ላይ የሚያርፈው ሰፊው የስክሌራ ሌንስ ደግሞ በውስጡ በሚያቁረው ጨዋማ ፈሳሽ ኮርኒያውን ቀኑን ሙሉ እንዲርስ ያደርገዋል፤ የሚሞላው ማቆያ የሌለው ንጹሕ የሕክምና ፈሳሽ እንጂ የቧንቧ ውኃ መሆን የለበትም። የሾግረን ሕመም ላለባቸው እንባና ምራቅን የሚያነቃቃ የፒሎካርፒን ክኒን ይታዘዛል፤ ላብ ያበዛል፣ አስም ላለበትም አይመከርም።

በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ነገር መቀየር ግን ደብተሩን ያበላሸዋል። አዲስ ጠብታ፣ አዲስ ክኒንና አዲስ ጭንብል በአንድ ሳምንት የጀመረ ሰው ቢሻለውም ቢብስበትም የትኛው እንዳደረገው አያውቅም። ለእያንዳንዱ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ መስጠት እንደሚገባና በየትኛው ልኬት እንደሚመዘን ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ቀኑን መመዝገብ፣ ጊዜው ሲደርስም ያንኑ ልኬት ማስደገም ያስፈልጋል። ልኬቱ ሳይለወጥ ከቀረና ምክንያቱም ካልታወቀ፣ ደብተሩንና የምርመራ ውጤቶቹን ይዞ በኮርኒያ ወደ ሠለጠነ ሐኪም እንዲላኩ መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው።